ፊደል የጎደላት ፕሮሰሰር

ሞላሌ፤ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ፣ ለወንድም ዓለም ትዕዛዙ ኃይለ ኢየሱስ፤ ሻርጃ።

እንደምን ሰነበትክ? በሙቀቱም በሥራውም መካከል መድኃኔዓለም ጤናህን ይጠብቅልህ። እኔም፣ እናቴም፣ አባትህም ደህና ነን። ገብሱ ቢጫ መምታት ጀምሯል፤ ውርጭ እንዳይደርስበት ብቻ እየለመንን ነው። ስለ ሌላው ነገር በደብዳቤ አይጻፍም፤ አንተም ትሰማዋለህ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ኢንተርኔት ከተቋረጠብን ወራት ሆነ። ስልክም ሞክሬ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ደውዬ አልተነሳም፤ ሥራ ላይ ብትሆን ነው ብዬ ተውኩት። የምጠይቅህም ነገር ቁጥርና ፊደል የበዛበት ስለሆነ በወረቀት ይሻላል።

ከገበያው በላይ ቪዲዮ ቤት መክፈቴን ሰምተሃል። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር እቀርጻለሁ፤ አቀናብሬም እሰጣለሁ። ሥራው ሞልቷል። ያስቸገረኝ መብራት ነው። በቀን ቢበዛ አራት ሰዓት ይቆያል። የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ቆርጬ፣ ዘፈን ጨምሬ፣ በመጨረሻ «ሬንደር» ስለው፣ ማለትም ሁሉንም አንድ ፊልም አድርገህ አውጣልኝ ስለው፣ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። አራት ሰዓት ሠርቶ መብራት ይሄዳል። በማግስቱ ደግሞ ከሀ ይጀምራል። የባለፈው ሚያዝያ ሠርግ ተጠናቆ ለባለቤቶቹ የደረሰው ሙሽራዋ አምስት ወር አርግዛ ነው።

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ማዘርቦርዴን አይቶ፣ «ይኼ ዜድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፕሮሰሰሩን ብትቀይሪ ኦቨርክሎክ ማድረግ ትችያለሽ» አለኝ። ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ማለት ነው። ግን ሁሉም ፕሮሰሰር እሺ አይልም አለ፤ የተቆለፈ አለ፣ ያልተቆለፈ አለ። የትኛው ነው ስለው ሌላ ደንበኛ መጣበትና «ባለሙያ ጠይቂ» ብሎ ሸኘኝ። ባለሙያ ሲል አንተ ታወስከኝ።

ማዘርቦርዱ የሚቀበለው አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ነው፤ አሁን ያለው አይ ፋይቭ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በጀርባው ገልብጬልሃለሁ። ለጥር ሠርግ ቢደርስልኝ ሰው አደረግኸኝ ማለት ነው።

ለአባትህ ስነግራቸው፣ «ልጄ በእጁ የሚያገላብጠውን ነገር ነው የጠየቅሽው» ብለው ደስ አላቸው። ዓይናቸውን ሞራ ስለያዘው ደብዳቤህን የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ለእሳቸውም ሁለት መስመር ጨምር።

የአክስትህ ልጅ እየሩስ

ሻርጃ፤ ኅዳር 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለእየሩስ።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ በሥራ ብዛት ከመወጠሬ በቀር ፍጹም ደህና ነኝ። ስልክ ያላነሳሁት በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ቅር አትሰኚ።

የጠየቅሽኝ ጉዳይ በእኛ ሙያ ቀላል ከሚባሉት ነው። ለአንቺ ማዘርቦርድ የሚስማሙትን ልዩ ልዩ ፕሮሰሰሮች አመዛዝኜ ኮር አይ ሰቨን፣ አርባ ሰባት ዘጠና የሚባለውን መርጬልሻለሁ። ለቪዲዮ ሥራ ከእሱ የሚሻል በዚያ ትውልድ ውስጥ የለም። ፕሮሰሰር ሲሮጥ ስለሚግል ትልቅ ማቀዝቀዣም አብሬ ልኬያለሁ። በዚህ በኩል እናንተ የታደላችሁ ናችሁ፤ የመንዝ ብርድ ራሱ ግማሽ ማቀዝቀዣ ነው።

አገጣጠሙን ያ ደብረ ብርሃን ያለው ጠጋኝ ያሳይሽ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ የሚባለውን ገጽ ክፈቺና «ማባዣ» የሚለውን፣ ፍጥነቱን የሚወስነውን ቁጥር ከፍ አድርጊ፤ በቃ ይሮጣል። ስጦታዬ ነው፤ ስለ ዋጋው አታንሺብኝ።

ለአባቴ፦ ልጅዎ ደህና ነው፤ አሁን በሥሬ ሦስት ሠራተኞች ተመድበውልኛል። ጸሎትዎ አይለየኝ።

ወንድምሽ ትዕዛዙ

ሞላሌ፤ ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም ትዕዛዙ፤ ገናን በሰላም ያድርስህ፤ እጅህን ይባርከው።

ዕቃው ሳይጎዳ ደረሰኝ። በስፖንጅ ጠቅልለህ፣ በዚያ ላይ ካርቶን፣ በዚያ ላይ ፕላስተር። አባትህ እየዳሰሱ፣ «ሲያስር እንኳ የባለሙያ እጅ ነው» አሉ። ሦስት ሰዎች በሥሩ አሉ የምትለዋን መስመር ለእሳቸው ብቻ አራት ጊዜ አንብቤያለሁ። ባለፈው እሑድ በሰንበቴ ማኅበር ላይ ቆመው ተናገሯት።

ፕሮሰሰሩን ደብረ ብርሃን ወስጄ አስገጠምኩ። አምስት ሰዓት ተኩል የነበረው ወደ አራት ሰዓት ከሩብ ወረደ። እግዚአብሔር ያክብርህ። የቀረችኝ ሩብ ሰዓት ብቻ ናት፤ የምታቃጥለኝም እሷ ናት። መብራቱ አራት ሰዓት ላይ ሲሄድ ዘጠና አራት በመቶ ላይ አይቼዋለሁ።

ማባዣው ግን እምቢ አለኝ። ቁጥሩን ከፍ አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አሥር ጊዜ ሞከርኩ። ጠጋኙ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ሄዷል። ይቅርታ አድርግልኝ፤ አንተ «በቃ ይሮጣል» ያልከውን ነገር እኔ ማድረግ አቃተኝ። የምጫነው ቁልፍ ተሳስቶብኝ ይሆናል። ሳታፍርብኝ ከመጀመሪያው ጀምረህ እንደ ሕፃን አስረዳኝ።

እየሩስ

ሻርጃ፤ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእየሩስ፤ ሰላምሽ ይብዛ።

መልሱ የዘገየው ሥራ ስለተደራረበብኝ ነው።

ማባዣውን ተዪው። አንዳንድ ማዘርቦርድ እንዲህ ያስቸግራል። ሌላ መንገድ አለ። እዚያው ባዮስ ውስጥ «መነሻ ምት» የሚል ታገኛለሽ፤ መቶ ይላል። መቶ ሰባት አድርጊው። ሰባት በመቶ ይፈጥናል ማለት ነው፤ ያቺ ሩብ ሰዓት ትሸፈናለች። አትፍሪ፤ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ለአባቴ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ትዕዛዙ

ሞላሌ፤ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለትዕዛዙ፤ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

የካቲት 8 ቀን ደብዳቤህ ደረሰኝና መነሻ ምቱን መቶ ሰባት አደረግሁት። እንዳልከው ሮጠ። ሁለት ሠርግ ከአራት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አወጣሁ፤ መብራት ሳይጠፋ ሲያልቅ ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ። በሦስተኛው ላይ እንዳለ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። አጥፍቼ ሳስነሳው ዲስኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ተበለሻሽቷል። የፋይሎቹ ስም የማይነበብ ምልክት ሆኗል፤ አንዱም አይከፈትም። ወዲያው ምቱን ወደ መቶ መለስኩት። የጠፋው ግን አልተመለሰም።

ሦስተኛው ሠርግ የአቶ ዓምደ ሚካኤል ልጅ፣ የምሥራቅ ነበር። አቶ ዓምደ ሚካኤልን ታውቃቸዋለህ፤ ከወንዙ ማዶ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያሉት። በጥር መጨረሻ ልጃቸውን ዳሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች ልጅቱን ስትመርቅ እኔ ነኝ የቀረጽኳት። ረዥም ምርቃት ነበር፤ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሰማው። የካቲት 14 ቀን ወይዘሮ ዘነበች አረፈች። በሰላም ተኝታ ጠዋት አልተነሳችም።

ባሏ የቀብሩ ሳምንት መጥተው፣ «ልጄ፣ ለአርባዋ ያንን ምርቃት ለዘመድ እናሰማበታለን፤ ሌላ ድምፅዋ የለንም» አሉኝ። በዚያን ቀን ዲስኩ ከተበላሸ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። እሺ ብዬ ሸኘኋቸው። እሺ አልኳቸው፣ ትዕዛዙ።

የካሜራው ካርድ የለም እንዴ ትለኛለህ። ካርዶቼ ሁለት ናቸው፤ በጥር ሠርግ በሠርግ ላይ ስለሆነ ወደ ዲስኩ ገልብጬ ሌላ ቀረጽኩባቸው።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አየሁት። መቶ ሁለት ብሎ እኔ መቶ ሰባት አድርጌው ይሆን እያልኩ። መቶ ሰባት ይላል። እንግዲህ እኔ ያበላሸሁት ሌላ ነገር አለ። ዲስኩን የማዳኛ መንገድ ካለ ንገረኝ። አልነካሁትም፤ ነቅዬ በባና ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ለአባትህ አልነገርኩም። ስምህን የማሰድብ መስሎ ይሰማኛል።

እየሩስ

ሞላሌ፤ ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለትዕዛዙ፤ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ።

ያለፈው ደብዳቤዬ አልደረሰህ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው። ሁለት ወር ጠበቅሁ። ስልክህ ይጠራል፤ አይነሳም።

አርባው አለፈ። ሳይደርስ በፊት ሄጄ እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ሳልሄድ ቀረሁ። በመጨረሻ ለአባትህ ነገርኳቸው፤ እሳቸው መሪጌታ መርስዔ ኃዘንን ጨምረው በአርባው ዕለት ሦስታችን ሄድን። አቶ ዓምደ ሚካኤል ዳሱ ሥር ተቀምጠው እንጀራው እስኪቀርብ ይጠብቁ ነበር። ነገርኳቸው። «ይቅር ለእግዚአብሔር፤ እኔስ ይቅር ብያለሁ። ድምፅዋን ግን ከየት ላምጣ?» አሉ።

ምሥራቅ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ገባች።

መሪጌታ፣ «ለመሆኑ ይህን አድርጊ ብሎ የመከረሽ ማነው?» ሲሉኝ አባትህ ቀደሙኝ። «የመከራት ልጄ ነው፤ የእሱ ምክር አይሳሳትም። በሻርጃ ሦስት ሰው የሚያዝ ባለሙያ ነው። ጥፋቱ የልጅቱ ነው፤ ገና ጀማሪ ናት፤ ያላትን ሳትሰማ ቀርታለች» አሉ። እኔም «አዎ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ ወዲህ ሱቁን የምከፍተው ለይስሙላ ነው። ሰው የሚያስቀርጸኝ የለም። ገበያ ስሄድ አቶ ዓምደ ሚካኤል ከሩቅ ካዩኝ ፊታቸውን ወደ በጎቹ ያዞራሉ። ክፋት አይደለም፤ ሲያዩኝ እሷ ትታወሳቸዋለች። እኔ ግን በዚያ መንገድ ማለፍ ትቻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ሁለተኛ እንዳልደግመው።

እየሩስ

ሻርጃ፤ ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

እየሩስ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የመጀመሪያው ከደረሰኝ ሦስት ወር ሊሆነው ነው። ኪሴ ውስጥ ይዤው ስዞር በላብ ጫፉ ረግፏል።

የቱ ላይ ተሳሳትኩ ላልሽው፣ አንቺ አልተሳሳትሽም። ያልኩሽን እንዳልኩሽ አድርገሻል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ሁለት ጊዜ፤ ሁለተኛውን እያወቅሁ።

እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ አይደለሁም። ስምንት ዓመት የሠራሁት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በኮንቴይነር የሚመጡበት መጋዘን ነው። ኮንቴይነር ሲከፈት አወርዳለሁ፤ የተሸጠውን እጭናለሁ። ጠጋኞቹ ያሉበት ክፍል የመስታወት በር አለው፤ እኔ የምገባበት ሣጥን ተሸክሜ ስሆን ነው። በሥሬ ማንም የለም። አባቴ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ፎቶ፣ መፍቻ ይዤ የተቀመጥኩበት፣ በምሳ ሰዓት የይሥሐቅ ወንበር ላይ የተነሳሁት ነው። ይሥሐቅ የጎንደር ልጅ ነው፤ ጠጋኙ እሱ ነው።

እዚህ ስመጣ ደላላው የኮምፒውተር ሥራ ብሎኝ ነበር። አባቴ በጎቹን ሸጦ ደብረ ብርሃን ሁለት ዓመት አስተምሮኝ ስላልጨረስኩ፣ በመጀመሪያው ወር ስልክ ደውሎ «ምን ላይ ተመደብክ?» ሲለኝ «ኮምፒውተር ላይ» አልኩት። ኮምፒውተር ላይ ነበርኩ፤ ከሥሩ ሆኜ። ከዚያ በየዓመቱ አንድ አንድ ነገር ጨመርኩበት።

የጥቅምቱ ደብዳቤሽ ሲመጣ ይሥሐቅን በሩ ላይ ሲያልፍ ጠየቅሁት። «ለዜድ ቦርድ፣ ለኦቨርክሎክ? አርባ ሰባት ዘጠና ኬ» አለኝ። ፕሮሰሰር የሚደረደርበት ትሪ ላይ ስፈልግ አርባ ሰባት ዘጠና የሚል አገኘሁ፤ ኬ የምትለው ፊደል የለችበትም። ተመልሼ «ኬ ማለት ምንድን ነው?» ልለው አሰብኩ። «ለማን ነው?» ቢለኝስ? «ለአክስቴ ልጅ፤ ባለሙያ ነኝ ብያት» ልለው ነው? አፈርኩ። አንዲት ፊደል ምን ታመጣለች ብዬ ገዝቼ ላክሁልሽ። ያልተቆለፈው ኬ ያለበት ብቻ ነው። ኬ የሌለበት ማባዣው ተቆልፏል፤ ዓመት ብትታገዪው አይከፈትም።

ይህን ያወቅሁት «እምቢ አለኝ» ብለሽ ስትጽፊልኝ ነው። ያን ጊዜ የተሳሳተ ላክሁልሽ ማለት እችል ነበር። ለመጻፍ ተቀመጥኩና «ባለሙያ እንዴት ይሳሳታል?» ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። አንድ ሰው በስልኩ ሲያወራ ስለ መነሻ ምት ሰማሁ፤ በጨረፍታ። አድርጌው አላውቅም። «ራሴ አድርጌዋለሁ» ያልኩሽ ውሸት ነው።

ዲስኩ ከተበላሸ በኋላ ይሥሐቅን ጠየቅሁት። በእነዚያ ማዘርቦርዶች ላይ ዲስኩም ከመነሻው ምት ጋር የተያያዘ ነው አለኝ። በሬውን ብቻ የነዳሽ መስሎሽ ነው፤ ቀንበሩም ሞፈሩም አብሮ ነው የሮጠው። ሁለት ሦስት ቁጥር ይችላል፤ ሰባት አይችልም። ይህን ካወቅሁ በኋላም አልጻፍኩልሽም። አባቴ በሐዘንተኛ ቤት ጥፋቱን በአንቺ ላይ እንደጣለና አንቺ «አዎ» እንዳልሽ ሳነብ ከሥራ ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆምኩ። የምቆምበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

ዲስኩን አለመንካትሽ ጥሩ ነው። ወዲህ ላኪው። ይሥሐቅ እሞክራለሁ ብሏል፤ ሁሉንም ነገርኩት።

ለአባቴ ንገሪው ወይም አትንገሪው አልልሽም። የጠፋው ስም ያንቺ ነው፤ እንዳሻሽ።

ትዕዛዙ

ሞላሌ፤ ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ትዕዛዙ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ እጀምራለሁ፤ ደህና ሁን።

ደብዳቤህን የአውቶቡሱ ሾፌር እንደ ልማዱ አባትህ ቤት ነው የጣለው። ጠርተውኝ «ጮክ ብለሽ አንብቢው» አሉኝ። ጥቂት መስመር በዓይኔ ሄድኩና ቆምኩ። «ምነው? ምን ይላል?» አሉ።

«ደህና ነኝ ይላል» ብዬ ማጠፍ እችል ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ በውሸትህ ከተናደድኩት ይልቅ «እንዳሻሽ» ባልከው ነው የተናደድኩት። እሱንም ሸክም ለእኔ ትተኸው ሄድክ። ከመጀመሪያው ጀምሬ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው።

አላቋረጡኝም። ሲያልቅ፣ «አወርዳለሁ፣ እጭናለሁ ያለበትን ድገሚው» አሉ። ደገምኩት።

«ታዲያ ይኼ ምኑ ይደበቃል?» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «በመርስዔ ኃዘን ፊት፣ በሐዘንተኛ ቤት፣ ጥፋቱ የልጅቱ ነው ያልኩ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከአጥሩ ድንጋይ አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ትንሽ ድንጋይ አይደለም። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። «አጎቴ፣ ለእኔ ይስጡኝ» ብላቸው፣ «ያንቺን ስትሸከሚ ከርመሻል፤ ይኼ የኔ ነው» አሉ። መንገዱን ስለማያዩት ክንዳቸውን ይዤ ወንዙን አሻገርኳቸው። ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር፤ ሁሉም አየ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ደጃፉ ላይ ነበሩ። ሲያዩን ተነሡ። «ጋሼ ኃይለ ኢየሱስ፣ ምን ሆነው ነው?»

አባትህ ድንጋዩን ሳያወርዱ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ ባለሙያ አይደለም። ዕቃ አውራጅ ነው። የማያውቀውን አውቃለሁ ብሎ ለዚች ልጅ ጻፈላት። የሚስትህን ድምፅ ያጠፋው እሱ ነው። እኔም በእሱ እየኮራሁ ጥፋቱን በእሷ ላይ ጣልኩት። ይህን እንድትሰማ ነው የመጣሁ።»

አቶ ዓምደ ሚካኤል ቀስ ብለው ድንጋዩን ከትከሻቸው አነሡና መሬት ላይ አስቀመጡት። አባትህን ደግፈው አስቀመጧቸው፤ ምሥራቅን ውኃ አስመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ሰላም ስትይኝ ፊቴን ያዞርኩብሽ ቀን ብዙ ነው። አንቺም ይቅር በይኝ» አሉ። እኔም ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ዲስኩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ።

አባትህ «ጻፊለት» ብለውኝ እንዳሉት የጻፍኩት ይኼ ነው፦

«ልጄ ትዕዛዙ። ስምንት ዓመት ስለማላውቀው ሰው ሳወራ ኖርኩ። አሁን ማን እንደሆንክ ንገረኝ። ስንት ሰዓት ትነሣለህ? የምታነሣው ምን ያህል ይከብዳል? ወገብህን ያምሃል? ማን ያበስልልሃል? በሸክምህ አላፈርኩም፤ ያፈርኩት እሷ ብቻዋን ስትዋረድ ዝም በማለትህ ነው። ያ ገና አልለቀቀኝም። ይልቀቀኝ ብዬ እየጸለይኩ ነው፤ አንተም ጸልይ። ጥርስህንና ወገብህን ከብርድ ጠብቅ ልልህ ነበር፤ እዚያ ብርድ የለም አሉኝ።»

እየሩስ

ሻርጃ፤ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴና ለእህቴ ለእየሩስ፤ አዲሱ ዓመት ከዕንባ የራቀ ይሁንላችሁ።

አባባ፣ የምነሣው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ለማውረድ። አንድ ኮምፒውተር አይከብድም፤ የሚከብደው መቶኛው ነው። ወገቤን በግራ በኩል ያመኛል። ስድስት ሆነን በተራ እናበስላለን፤ የእኔ ተራ ረቡዕ ነው፤ ሽሮ አይዋጣልኝም። ቅዳሜ ስልክ እደውላለሁ። ምን እንደምልዎት አላውቅም፤ ብቻ እደውላለሁ።

እየሩስ፣ ይሥሐቅ ዲስኩን አሥራ አንድ ቀን ታገለው። ምርቃቱ አልተገኘም። ይህን ሌላ ሰው ሳይሆን እኔ ልነግርሽ ይገባል፤ ጨርሶ የለም። የዳነው አርባ ደቂቃ ያህል ነው፤ አብዛኛው ጭፈራ። በአንዱ ቦታ ወይዘሮ ዘነበች መሶብ ይዛ ከዳሱ ወደ ጓዳ ስታልፍ ትታያለች፤ ዞር ብላ ለሆነ ሰው የሆነ ነገር ተናግራ ትስቃለች። ያለችው በዘፈኑ ተውጧል። ስድስት ሰከንድ ነው። ብቻውን ቆርጦ በፍላሽ አድርጎልሻል። ለአቶ ዓምደ ሚካኤል ስትሰጪ የላክሁት እኔ መሆኔን ንገሪያቸው፤ ከፈለጉ አይቀበሉ። ይቅርታዬን ቆሜ የምጠይቅበትን ቀን እግዚአብሔር ያምጣው።

ከፍላሹ ጋር የላክሁልሽን አዲሱን ፕሮሰሰር በዚህ ጊዜ በይሥሐቅ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ፣ የማላውቀውን ሁሉ እየጠየቅሁ ነው የመረጥኩት። አንዱ አይ ፋይቭ ነበር፤ እሱም ኬ አለበት፤ ይከፈታል። ቢሆንም ለቪዲዮ ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ የሚይዘው አይ ሰቨኑ ይሻላል አለኝ። አርባ ሰባት ዘጠና ኬ ነው። ፊደሏን በጣትሽ አረጋግጪ። ማባዣውን አርባ አራት አድርገሽ አንድ ቀን አሠሪው፤ ሙቀቱን እይ፤ ከዚያ አርባ አምስት፣ ከዚያ አርባ ስድስት። ከዚያ አትለፊ። መነሻ ምቱን፣ መቶውን፣ አትንኪ። ከሁሉም በፊት የደንበኛ ሥራ የሌለበት ዲስክ ላይ ሞክሪው። ይህን ሁሉ ያለው ይሥሐቅ ነው፤ እኔ የጻፍኩት እሱ ሲናገር ነው።

ጥቅሉን ዛሬ ወደ መላኪያው ቤት ወሰድኩት። እዚያ የምትሠራው መሲ የመሐል ሜዳ ልጅ ናት፤ እስከ ዛሬ ወደ እሷ የምሄደው ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ዛሬ ከሥራ በቀጥታ፣ በመጋዘኑ ቱታ ሄድኩ። የላኪው ቅጽ ላይ ከስም ቀጥሎ «ሥራ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ሁልጊዜ «የኮምፒውተር ባለሙያ» እል ነበር፤ እሷም ሳትጠይቀኝ ራሷ መጻፍ ለምዳለች። ብዕሩን ከእጇ ተቀበልኩና «ጫኝና አውራጅ» ብዬ ጻፍኩ። አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ማኅተሙን አሳረፈችበትና «ሌላ የምትልከው አለ?» አለችኝ።

የለም አልኳት።

ልጅዎና ወንድምሽ ትዕዛዙ